ጥያቄው ለሐሙስ ማታ ተቀጥሯል

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ አሜሪካ በአንድ ሙዚየም የፈረንሳዊው ሠዓሊ የዣን ሌኦን ዤሮም ሥራዎች ቀርበው ለማየት ሄድኩ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። አስጎብኚዋ ሃያ የምንሆን ሰዎችን ይዛ ከሥዕል ሥዕል ታዞረናለች። ከመታጠቢያ ቤት ሥዕሎቹ አንዱ ፊት ቆምን። አንዲት ነጭ ሴት ራቁቷን ተቀምጣለች፤ አንዲት ጥቁር ሴት ታጥባታለች። አስጎብኚዋ ስለ ግድግዳው ሴራሚክ፣ ከላይ ስለሚወርደው ብርሃን፣ የብሩሹ ዱካ እንዳይታይ ቀለሙ እንዴት እንደለሰለሰ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳችን። ጥሩ አድርጋ ነው ያስረዳችው። እጄን አወጣሁና «ይቺ የምታጥበዋ ሴትስ ከየት የመጣች ናት?» አልኳት። ፈገግ ብላ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! እሱን የሚመለከት ውይይት ሐሙስ ማታ በአዳራሹ አለን» አለችኝ።

ሐሙስ ማታ የሌሊት ፈረቃ ገቢ ነበርኩ።

በአስጎብኚዋ አልተናደድኩም። እሷ የተሰጣትን ነው የምትሠራው። የተናደድኩት በአሠራሩ ነው። ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ከጎኑ «ተጓዳኝ ፕሮግራም» የሚሉት ነገር ይዘጋጃል፦ የምሁራን ገለጻ፣ ፊልም፣ የሥዕል ትምህርት፣ የቤተሰብ ቀን፣ አንዳንዴም ሙዚቃ። መልካም ነገር ነው። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ውበቱ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ ፖስተር ላይ ይወጣል፣ ፖስትካርድ ሆኖ ይሸጣል፤ ከባዱ ጥያቄ ግን በሥራ ቀን ማታ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ጥቂት ሰው ለሚቀመጥበት አዳራሽ ይላካል። ከዚያ ሙዚየሙ «ጉዳዩን አንሥተን ተወያይተንበታል» ይላል። እኔ ይህን ውይይት አልለውም። ጥያቄን በክብር መሸኘት ነው።

ዤሮም ማነው ለምትሉ፦ በ1824 ተወልዶ በ1904 ያረፈ፣ በፓሪስ በታወቀው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አርባ ዓመት ገደማ ያስተማረ፣ በዘመኑ እጅግ የከበረ ሠዓሊ ነው። አማቱ ጉፒል የሚባለው ሀብታም የሥዕል ነጋዴ ነበር፤ የዤሮምን ሥዕሎች በሕትመትና በፎቶግራፍ እያባዛ በዓለም ዙሪያ ሸጦለታል። ኢምፕሬሽኒስቶቹን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ጊዜው ወደ እነሱ ሲዞር የእሱ ስም ወደቀ። በ2010 በሎስ አንጀለሱ ጌቲ፣ ቀጥሎም በፓሪሱ ኦርሴና በማድሪዱ ቲሰን ሙዚየሞች በታየው ትልቅ ኤግዚቢሽን እንደገና ተነሣ።

«የጥንት ሥዕል ነው፤ ምን ያጨቃጭቃል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለእሱ ስለ አውራ ጣት ልንገረው። በሮም ስታዲየም የተሸነፈ ተፋላሚ ይሙት ሲባል ሕዝቡ አውራ ጣቱን ወደ ታች ያደርግ ነበር ብለን ሁላችንም እናምናለን። የላቲኑ አነጋገር ግን «የዞረ አውራ ጣት» ነው የሚለው፤ ወዴት እንደዞረ አይነግረንም። ወደ ታች ያለውን በሰው ሁሉ አእምሮ ያተመው በዋናነት ዤሮም በ1872 የሠራው ሥዕል ነው። ሪድሊ ስኮት «ግላዲያተር»ን ለመሥራት የተነሣሣው ይህንኑ ሥዕል አይቶ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ከሥዕል ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ስልካችን። እንግዲህ አንድ ሥዕል ስለ ሮም ማንም ያላረጋገጠውን ነገር ለዓለም ሁሉ ማስተማር ከቻለ፣ ስለ ካይሮና ስለ ኢስታንቡል፣ ስለ ጥቁር ሴትና ስለ ዐረብ ነጋዴ ምን አስተምሮ ይሆን?

መልሱ ሩቅ አይደለም። በ1866 የሠራውን «የባሪያ ገበያ» ተመልከቱ። ራቁቷን የቆመች ሴት አለች፤ ገዢው ጣቱን አፏ ውስጥ ከቶ እንደ ከብት ጥርሷን ያያል። ዤሮም ግብፅን አይቷል፤ እንዲህ ያሉትን ሥዕሎች ግን ወደ ፓሪስ ተመልሶ በስቱዲዮው፣ በሞዴል፣ በፎቶግራፍና ከጉዞ ባመጣቸው ዕቃዎች እየታገዘ ነበር የሚሠራቸው። ፈረንሳይ ራሷ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የከለከለችው በ1848 ነው፤ ሥዕሉ ሲሠራ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ለፓሪስ ተመልካች «ነውሩ የእነሱ ነው» ብሎ ይነግረዋል፤ በዚያው አፍታ ራቁቷን ሴት እንዲያይ ይጋብዘዋል። ይኸው ሥዕል በ2019 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ የጀርመኑ አክራሪ ቀኝ ፓርቲ በርሊን ላይ ሕዝብን ከሙስሊም ስደተኞች ለማስፈራራት ፖስተር አደረገው። ሥዕሉን የያዘው በማሳቹሴትስ የሚገኘው ክላርክ ኢንስቲትዩት ተቃወመ፤ ነገር ግን ሥዕሉ የሕዝብ ንብረት ሆኗልና በሕግ ሊያስቆማቸው አልቻለም። ከሠዓሊው ሞት ከ115 ዓመት በኋላ ሥዕሉ ሥራውን እየሠራ ነው። ይህን ነው «የሐሙስ ማታ ርእስ» የሚሉን።

እኛን ምን አገባን? ያገባናል። በዚያ ዘመን ካይሮ ገበያ «ሐበሺያት» እየተባሉ የሚሸጡ ሴቶች እንደነበሩ የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። አብዛኞቹ ከዛሬዋ ኢትዮጵያ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰዱ ነበሩ፤ በመተማና በምፅዋ በኩል ወጡ። በዤሮም ሥዕል ላይ ያለችው ሴት የእኛ ናት አላልኩም፤ ፓሪስ የተቀጠረች ሞዴል ልትሆን ትችላለች። ሥዕሉ የሚናገረው ታሪክ ግን የእኛም ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ራሳችንን አናመልጥም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለን ፈረንሳዩን ብቻ መውቀስ ይቀናናል። እነዚያን ልጆች ከደጃቸው የፈነገሏቸው፣ በገበያ ያቀረቧቸው፣ ቀረጥ የበሉባቸው የገዛ አገራችን ሰዎች ናቸው። ባርነት በአገራችን በሕግ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1942 ነው። ስለዚህ «ይቺ ሴት ከየት መጣች?» የሚለውን ጥያቄ ስጠይቅ መልሱ እኔንም ሊያሳፍረኝ እንደሚችል እያወቅሁ ነው። ሙዚየሙ ፈረንሳይን እንዲወቅስልኝ አይደለም የምፈልገው። የምፈልገው ጥያቄው ሥዕሉ ባለበት እንዲጠየቅ ነው።

ሁለት ተቃውሞ ይመጣብኛል፤ አውቃለሁ።

አንደኛው «ጥበብን በጥበብነቱ እዩት፤ ፖለቲካ አታስገቡበት» የሚል ነው። የዤሮምን እጅ አደንቃለሁ። በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው የሠራው «የዶሮ ፍልሚያ» ኦርሴ ሙዚየም አለ፤ ላባውን ስታዩት እጃችሁን ዘርግታችሁ ልትነኩት ያምራችኋል። ይነሣ፣ ይደበቅ አላልኩም፤ እንዲያውም ይሰቀል ነው የምለው። ግን ሴራሚኩን ሩብ ሰዓት የሚያስረዳ አንደበት ለሰዋ ሁለት ደቂቃ ቢነፍጋት፣ ያም ራሱ ፖለቲካ ነው።

ሁለተኛው «የግድግዳ መግለጫ አጭር ነው፤ ይህን ሁሉ አይችልም» የሚል ነው። ይችላል። እነሆ ልጻፍላቸው፦ «ይህ ሥዕል የተሠራው በ1866 ነው። ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ከከለከለች 18 ዓመቷ ነበር። ሠዓሊው ገበያውን የሌላ አገር ነውር አድርጎ አሳየ፤ ሴቲቱን ግን ለፓሪስ ዓይን ራቁቷን አቀረበ።» ሦስት መስመር አይሞላም።

ደግሞ በሌላ መንገድ መሥራት እንደሚቻል ታይቷል። በ2024 ዤሮም የተወለደበት 200ኛ ዓመት ሲከበር በዶሃ በመትሐፍ ሙዚየም «ማየት ማመን ነው» በሚል ርእስ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። እዚያ ከዤሮም ሥዕሎች ጋር የዘመናችን ሠዓሊዎች ሥራዎችም ቀርበዋል፤ በሥዕል የተነገረው በሥዕል ተመለሰ። መልሱ ከጥያቄው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ዋለ ማለት ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር ልጨምር። ዶሃ በሰው ቤት የሚሠሩ ስንት እኅቶቻችን ያሉባት ከተማ ናት። የሌላውን ቤት እያጠበች የምትውል ሴት በዚያ የመታጠቢያ ቤት ሥዕል ፊት ብትቆም፣ ከማናችንም ምሁር በላይ የምትለው ይኖራታል። የትኛው የዓለም ሙዚየም ነው ፕሮግራሙን ሲያወጣ የእሷን የዕረፍት ቀን፣ የእሷን ቋንቋ የሚያስበው?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመጀመሪያው ገለጻ ስለ ሠዓሊው ብቻ ሳይሆን ስለተሣሉት ሰዎችም ይሁን። ውይይቱ ከአዳራሹ ወጥቶ ሥዕሉ ፊት፣ ቅዳሜና እሑድ ይደረግ። ከጊዜው ግማሹ ለጠያቂው ይተው፤ «ለጥያቄ አምስት ደቂቃ ቀርቶናል» ማለት ይቅር። አስጎብኚዎች «ከየት መጣች?» ለሚለው መልስ ይዘው ይግቡ፤ አይታወቅ ከሆነም «አይታወቅም፤ ያልታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው» ይበሉ። ልጆች በቤተሰብ ቀን የሮማ ወታደር ቆብ ከወረቀት ሲሠሩ፣ አውራ ጣቱ ወደ ታች መሆኑን ማን እንዳስተማራቸውም ይነገራቸው።

እናንተም በያላችሁበት፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ፓሪስ ወይም ዶሃ፣ ሙዚየም ስትገቡ ዝም ብላችሁ አትውጡ። እጃችሁን አውጡና ጠይቁ። «ሐሙስ ማታ ኑ» ካሏችሁ፣ «ሥዕሉ ያለው እዚህ ነው፤ እኔም ያለሁት ዛሬ ነው» በሏቸው።

የገጠማችሁን በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።