የመጀመሪያዋን ሞተር ስትገዛ እግርህ መሬት ይንካ

ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ጉዳይ ናቸው። የዛሬው ግን የፍቅር ደብዳቤ ይምሰል እንጂ የተጻፈው ስለ ሞተር ሳይክል ነው። ጸሐፊው የ18 ዓመት ወጣት፣ የሐዋሳ ነዋሪ ነው። እንደ ልማዳችን ስሙን ትቼ አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ እየሠራሁ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለኝ። ሞተር ልገዛበት ነው። እስካሁን የነዳሁት ብስክሌት ነው፤ የጓደኛዬን ሞተር ግን ሁለቴ ሞክሬያለሁ። አሁን ሁለት ሞተሮች ተገኝተውልኛል። አንዷ 125 ሲሲ፣ ያገለገለች ግን ደህና ናት። ሌላዋ 200 ሲሲ፣ ረጅም፣ ቀይ፣ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ ናት። ደላላው ‹ላንተ ብዬ ነው ያስቀነስኩት› ይለኛል፤ ሆኖም ገንዘቤን ሙልጭ አድርጋ ትበላለች። ጓደኞቼ 125ቷን ‹የሽማግሌ ሞተር› እያሉ ይስቁብኛል። ዋናው ችግር እናቴ ናት። ታናሽ ወንድሟ በሞተር አደጋ ስለሞተ የሞተር ስም ሲነሳ ፊቷ ይለወጣል። ስለዚህ ሳልነግራት ገዝቼ ጓደኛዬ ግቢ ላሳድራት አስቤያለሁ። የትኛዋን ልግዛ? እናቴንስ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ስለ ሞተሯ የምሰጥህ መልስ አጭር ነው። 125ቷን ግዛ። ስለ እናትህ የምሰጥህ ግን ረዘም ይላል። ከዚያ በፊት የራሴን ልንገርህ፤ ደላላውና ጓደኞችህ የማይነግሩህ ነገር አለበትና።

እኔም እንዳንተ ጎረምሳ ነበርኩ። ያደግኩት ደሴ ነው። ደሴን የሚያውቅ ሰው መንገዱ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት መሆኑን ያውቃል። የመጀመሪያ ሞተሬ ከጨረታ የወጣች ረጅም የመስክ ሞተር ነበረች። ስቀመጥባት መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነበር። «ትለምደዋለህ» አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ለአባቴ አልነገርኩም። የማሳድራትም ልክ አንተ እንዳሰብከው ጓደኛዬ ግቢ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ጓደኛዬን ከኋላ አፈናጥጬ ዳገት ስወጣ ከፊቴ አንድ መኪና ቆመ። እኔም ቆምኩ። ልብ በል፣ ፍጥነቴ ዜሮ ነው! ግራ እግሬን ላሳርፍ ስዘረጋ መሬቱን አጣሁት፤ ከሥሬ የጎርፍ ቦይ ነበር። ሞተሯ ቀስ ብላ ተጋደመች። እኔ ዘልዬ ወረድኩ። ጓደኛዬ ግን እግሩ ከሥር ቀረ፤ የጋለው ማርሚታ ባቱን ጠበሰው፣ ቁርጭምጭሚቱም ተሰበረ። ወላጆቻችን እንዳይሰሙ ብለን ሐኪም ቤት ሳንሄድ ሁለት ቀን ቆየን። በኋላም ወደ ወጌሻ ሄደ፤ አጥንቱ ቀጥ ብሎ አልገጠመም። ዛሬም ያነክሳል። ስንገናኝ «ሞተርህ እንዴት ናት?» ብሎ ይስቃል። እኔ መሳቅ አቅቶኝ ቀረ።

ታዲያ ወንድሜ፣ ያን እግር የሰበረው ፍጥነት አይደለም። የቁመቷና የክብደቷ ነገር ነው፤ ከዚያም በላይ መደበቃችን። ሁለቱም አንተ ደብዳቤ ውስጥ አሉ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። መጀመሪያ ቁጭ በልባት። ሁለቱም እግሮችህ ተረከዛቸው ጭምር መሬት ይንካ። ጣትህ ብቻ ከነካ፣ ደላላው የፈለገውን ቢምል ውረድ። ቀጥሎ ሞተሯን ሳታስነሳ እየገፋህ ወደ ኋላና ወደ ፊት አመላልሳት፣ ከቻልክም ትንሽ ዳገት ላይ ሞክራት። ብትወድቅ ብቻህን ታነሳታለህ ወይ? ካላነሳሃት ገና ያንተ አይደለችም። ተራ 125 ሲሲ ሞተር ክብደቷ ከ110 እስከ 130 ኪሎ አካባቢ ነው። ለጀማሪ እሱም ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው የጉልበት ነገር ነው። ጀማሪ ሲደነግጥ እጁ ይጨብጣል፤ ሲጨብጥ ደግሞ ቀኝ እጁ ነዳጅ ይሰጣል። ትንሿ ሞተር ይህንን ስህተት ብዙ ጊዜ ይቅር ትላለች። ትልቋ ግን ወርውራህ ትሄዳለች። ሒሳቡንም ያዝ። ፍጥነትህን ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ብታሳድግ፣ ፍሬን ከያዝክ በኋላ እስክትቆም የምትሄደው ርቀት እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ ዓይንህ አይቶ እጅህ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅብህ 14 ሜትር ገደማ ሄደሃል። እናንተ ከተማ ደግሞ ባጃጅ ተሳፋሪ ባየ ቁጥር ፍሬቻ ሳያሳይ ቀጥ ይላል። ያቺ 14 ሜትር ከየት ትመጣለች?

ስለ ፍሬን ካነሳን አይቀር፣ ብስክሌት የለመደ ሰው የፊት ፍሬን ይፈራል። ሞተር ላይ ግን አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይዞራልና። የኋላውን ብቻ ረግጠህ ጎማው ከታሰረ ትንሸራተታለህ። ሁለቱንም አንድ ላይ፣ የፊቱን ቀስ በቀስ እየጨመርክ መያዝን ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመድ። ይህን የሚያስተምርህ ማሠልጠኛ እንጂ ጓደኛህ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ሳትይዝ መንገድ አትውጣ።

125ቷ ያገለገለች ናት ብለሃል። ስትሄድ ሊብሬውን በእጅህ ያዝና የሻንሲውን ቁጥር ከመሪው አንገት ላይ፣ የሞተሩን ቁጥር ደግሞ ከሞተሩ ሥር ፈልገህ አመሳክር። አንዱ ቁጥር እንኳ የተፋቀ ወይም ያልገጠመ ከሆነ ዋጋ መከራከርም አያስፈልግህም፤ ቻው ብለህ ውጣ። የተሰረቀች ሞተር ገዝቶ ገንዘቡንም ሞተሩንም ካጣ ሰው ጋር አብሬ ተቀምጬ አውቃለሁ።

ከዚያ ሞተሩን በእጅህ ዳብሰው። ሞቆ ከጠበቀህ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። ለምን? ሲቀዘቅዝ አልነሳ እያለው ይሆናል። ተመልሰህ ጠዋት በብርዱ ና። ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ የምትተፋ ባለ አራት ምት ሞተር ዘይት እየበላች ነው። ባለ ሁለት ምት ከሆነች ዘይቱ ከነዳጅ ጋር ስለሚነድ ጥቂት ጭስ የተለመደ ነው። ካቴናዋን ሳብ ሳብ አድርግ፤ የጥርሶቹ ጫፍ እንደ መንጠቆ ከጎበጠ ካቴናውም ጥርሱም አብረው ይለወጣሉ። የፊት ጎማውን አስነስተህ መሪውን ወዲያ ወዲህ አዙር፤ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ ከያዘ ኩሽኔታው ሄዷል። ፊት ለፊቷ ቆመህ እያት፤ ጎማው ቀጥ ብሎ መሪው ካጋደለ ተጋጭታ ታውቃለች። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ታገኛለህ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይደርቃል፤ ደረቅ ጎማ ዝናብ ላይ ሳሙና ነው። ይህ ሁሉ ከከበደህ ጋራዥ የሚሠራ የምታምነው ሰው ይዘህ ሂድ። ደላላው የሚያመጣልህን መካኒክ ግን ተወው።

አንዳንዶቻችሁ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ትጠይቁ ይሆናል። ነዳጅ ወረፋ የለም፣ ፍሪሲዮንም የለም፤ ደግ ነው። ግን ጉልበቷን ገና ከቆመችበት ነው የምትሰጠው፣ ድምፅም ስለሌላት እግረኛው አይሰማህም። እግር መሬት የመንካቱ ሕግ ለእሷም ይሠራል። የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ ከተማው በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክል ላይ ገደብ መጣሉን አትርሱ። ማን እንደሚፈቀድለት የከተማውን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሳትጠይቁ ብር አታውጡ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቀይዋ ገንዘብህን ሙልጭ ታደርጋለች ብለሃል። ታዲያ ሄልሜት በምን ልትገዛ ነው? የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱስ? ቦሎውስ? የእኔ ምክር፣ ከአምስት ብር አንዱን መጀመሪያ ወደ ጎን አድርግ፤ ሞተሯን በቀረው ፈልግ። ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል 42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ 69 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲመዘኑ ታይቷል። ይህ ግን ለታሰረ ሄልሜት ነው። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት የሚያድነው ክርንን ነው! አጥልቀኸው ራስህን ስትነቀንቅ የማይዞር፣ ጉንጭህን ጠበቅ የሚያደርግ ይሁን። አንድ ጊዜ የተጋጨ ሄልሜት፣ ውጭው ደህና ቢመስልም፣ ውስጡ ሥራውን ጨርሷልና ያገለገለ አትግዛ። ሁለተኛ ሄልሜት እስክትገዛ ድረስ ደግሞ ማንንም አታፈናጥጥ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት እኔ ብሆን ሄልሜት ያለውንም አላፈናጥጥም። ቆንጆዋ ልጅ ብትለምንህም!

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። እናትህ።

ወንድሜ፣ የተደበቀች ሞተር ሄልሜቷም ይደበቃል። «ምንድን ነው የያዝከው?» እንዳይሉህ ሄልሜቱን ጓደኛህ ግቢ ትተወዋለህ፤ አንድ ቀን ትቸኩልና ያለሱ ትወጣለህ። ብትወድቅ ቁስልህን ትደብቃለህ። የጓደኛዬን እግር ያጣመመው ሞተሯ ብቻ ሳትሆን ያቺ ሁለት ቀን መሆኗን አትርሳ። ደግሞም እናትህ አንድ ጊዜ ስለ ወንድማቸው መርዶ ተነግሯቸዋል። ሞተር እንዳለህ ከአንተ አንደበት ቢሰሙ ይቆጣሉ፣ ያለቅሳሉ። ከሆስፒታል በር ቢሰሙትስ?

ስለዚህ ሳትገዛ ንገራቸው። ቡና ተፈልቶ ሰው ሲበዛ ሳይሆን ለብቻቸው ሲሆኑ። «ልገዛ ነው» አትበል፤ «ልግዛ ብዬ አስቤያለሁ፣ የአጎቴን ነገር ስለማውቅ ልደብቅሽ አልፈለግኩም» በላቸው። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ። ስለ ወንድማቸው እንዴት እንደሞተ ምናልባት አውርተውህ አያውቁም ይሆናል። ሄልሜት ነበረው? ማታ ነበር? ያወሩህ ከሆነ ማንም ማሠልጠኛ የማይሰጥህን ትምህርት አገኘህ ማለት ነው። ሁለት ቃል ግባላቸው፤ መንጃ ፈቃድ ሳልይዝ አልነዳም፣ ያለ ሄልሜት አልነዳም በል። መጀመሪያ ሄልሜቱን ገዝተህ ቤት አስቀምጥ። ሲያልፉ ሲያገድሙ ይዩት።

እምቢ ቢሉስ? ጠብቅ። ብርህ አይሻግትም። የሚሸጥ ሞተር ደግሞ በየሳምንቱ አለ፤ «ዛሬ ካልያዝካት ታመልጥሃለች» የደላላ ቋንቋ ነው። ማሠልጠኛ ተመዝግበህ ፈቃዱን ይዘህ ስትመለስ ንግግሩ ሌላ ይሆናል።

ጓደኞችህ ደግሞ ይሳቁ። የሚስቁት አንድ ሳምንት ነው። ስድስት ወር ሳትወድቅ ከነዳህ ራሳቸው «እስቲ አንዴ ልሞክራት» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ሄልሜታቸውን ይዘው ይምጡ።

ውድ ጠያቂያችን፣ ለእናትህ ከነገርካቸው በኋላ ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ። ለሌሎቻችሁም ሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ።