ጥቁርና ነጩን የቤት ሥዕል አታቅልሙት

በዘመናችን በየቤቱ አዲስ ልማድ ገብቷል። ይኸውም አያት ከመሶብ አጠገብ ተቀምጠው፣ እናት ሕፃን ታቅፋ በደጃፍ ቆማ የተነሡትን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ለኮምፒዩተር ሰጥቶ ማስቀለም ነው። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች «ሥዕሉ ሕያው ሆነ» ይላሉ። እኛ ግን አፉ ተዘጋ እንላለን፤ ምክንያታችንም እነሆ።

ፎቶግራፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. በፓሪስ ለዓለም ከተገለጠ ጀምሮ ብዙ ዘመን ያለ ቀለም ኖረ። በ1888 ዓ.ም. ጆርጅ ኢስትማን የተባለው አሜሪካዊ ኮዳክ የተባለውን ቀላል ካሜራ ለገበያ ካወጣ በኋላ የቤት ኑሮ በሰፊው ይነሣ ጀመር። ነገር ግን ከቀድሞው ፊልም ብዙው ቀይ ብርሃንን አይቀበልም ነበርና ቀዩ ጠቁሮ፣ ሰማያዊው ነጥቶ ይወጣ ነበር። በእንዲህ ያለ ሥዕል ቀይ ጥለትና ጥቁር ጥለት አይለዩም። በአገራችን ደግሞ ጥቁር ልብስ የኀዘን ነው። እንግዲህ አያቲቱ በሠርግ ሰሞን ወይስ በኀዘን ወራት እንደ ተነሡ ኮምፒዩተሩ በምን ዐወቀ? ከሌሎች ብዙ ሥዕሎች ተምሮ ይሆናል ያለውን ቀባ፤ ግምቱንም እንደ ምስክር አቆመው።

ጥቁርና ነጭ ሥዕል የጐደለውን አይሰውርም፤ ተመልካቹን ይጠይቀዋል እንጂ። ልጅ «ቀሚሳቸው ምን ዐይነት ነበረ?» ይላል፤ አክስት ታስታውሳለች፤ አጎት ይከራከራታል፤ በዚህም መካከል ስለ ቤቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሙታኑ ሳይነገር የቆየው ይነገራል። የተቀለመው ሥዕል ግን መልሱን አስቀድሞ ስለ ሰጠ ጠያቂ አያገኝም።

«የቀድሞ ፎቶግራፍ አንሺዎችስ በእጃቸው ይቀቡ አልነበረምን?» የሚለን ይኖራል። አዎን፣ ይቀቡ ነበር። ሆኖም ቀቢው የተነሣውን ሰው ለመጠየቅ ይችል ነበር፤ የብሩሹም ፋና ቀለሙ በኋላ የተጨመረ መሆኑን ለዓይን ይመሰክር ነበር። «ልጆች ካልተቀለመ አያዩትም» ለሚለውም መልሳችን አጭር ነው፤ ልጅን ከአያቱ ጋር የሚያስተዋውቀው ተራኪ ሰው ነው።

ጉዳቱ ከቀለም አያልፍም የሚል ካለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. የሆነውን ይመልከት። በካምቦዲያ፣ በቱኦል ስሌንግ እስር ቤት ከመገደላቸው አስቀድሞ የተነሡ ሰዎች ጥቁርና ነጭ ሥዕል ተቀልሞ ሲታተም፣ በአንዳንዱ ፊት ላይ ፈገግታ ተጨምሮበት ተገኘ። የአገሩ የባህል ሚኒስቴር ተቃወመ፤ ሥዕሎቹም እንዲነሡ ተደረገ። ልብስን ያለ ምስክር መቀባት የለመደ እጅ ፊትንም ለመለወጥ አልፈራም።

ስለዚህ የቤት አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ዋናውን ሥዕል እንዳለ ጠብቁት። የተቀለመ ግልባጭ የግድ ካሻችሁ፣ በጀርባው «ቀለሙ ግምት ነው» ብላችሁ ጻፉበት። ሽማግሌዎቹና ባልቴቶቹ ሳያልፉም ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ጥለቱ፣ ስለ ዕለቱ ጠይቃችሁ መዝግቡ። እውነተኛው ቀለም እስከ ዛሬ ያለው በእነርሱ ዘንድ ነውና።