መሣሪያው ሲገዛ ቋንቋውም ይገዛ

ጳውሎስ ላይ የሕክምና ዕቃ ገበያ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ዶላርና ስለ ኤልሲ ነው። ሆስፒታሉና የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤት በተቀራረቡበት በዚህ ሰፈር፣ አስመጪውም ደላላውም የሚሟገተው በዋጋ ነው። ከዕቃው ጋር መምጣት ስላለበት አንድ መጽሐፍ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

መጽሐፉ የትዕዛዝ ዝርዝር ነው። የካሊብሬሽን መሣሪያ፣ ማለትም የሌላውን መሣሪያ ልክነት የሚመረምር ዕቃ፣ ፊቱ ላይ ባሉት ቁልፎች ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ብዙዎቹ በኬብል ከተያያዘ ኮምፒውተርም ትዕዛዝ ይቀበላሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው ማገናኛ በ1975 አይትሪፕልኢ 488 ተብሎ ደረጃ ወጣለት፤ በ1990 ደግሞ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሚጋሩት ስኪፒ የተባለ የትዕዛዝ ቋንቋ መጣ።

ለነጋዴው ምን ይጠቅመዋል? መድኃኒት በጠብታ የሚሰጠውን ፓምፕ እንውሰድ። በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚያፈስ ፓምፕ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃ አይበቃም፤ ባለሙያው አጠገቡ ተቀምጦ ቁጥር ሲጽፍ ቀኑ ይመሻል። ትዕዛዙ ከታወቀ ግን ኮምፒውተሩ ብቻውን እያነበበ ይመዘግባል፣ ባለሙያው ሌላ ሥራ ይሠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መዝገቡ ይቀራል። ሳይለካ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ሰርተፊኬትና በእርግጥ ተለክቶ የተሰጠ ሰርተፊኬት በማኅተማቸው አይለዩም፤ የሚለያቸው በየደቂቃው የተነበበው ቁጥር ነው። የልብ ማስነሻው 200 ጁል ተብሎ ሲታዘዝ ስንት እንደሰጠ የሚመሰክረውም ይኸው መዝገብ ነው። ታካሚው ይህን የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም።

ከትዕዛዞቹ ሁሉ ቀላሉ «ማን ነህ?» የሚለው ነው። ደንቡን የሚከተል መሣሪያ አራት ነገር ይመልሳል፦ የሠሪውን ስም፣ ሞዴሉን፣ የመለያ ቁጥሩንና በውስጡ ያለውን የፕሮግራም ዕትም። ጀርባው ላይ የተለጠፈ ወረቀት በአንድ ጥፍር ይነሣል፤ ይህ መልስ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይፋቅም። ያገለገለ ዕቃ የሚያገበያይ ደላላ መልሱን ከኢንቮይሱ ጋር ቢያስተያይ ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

አስመጪዎች «ፋብሪካው ትዕዛዙን አይሰጥም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጡትን የማረሚያ ቁጥሮች የሚለውጡ ትዕዛዞች በይለፍ ቃል ወይም በታሸገ ማብሪያ መቆለፋቸው ተገቢ ነው፤ አለዚያ ማንም ኬብል የያዘ ሰው የተሳሳተውን መሣሪያ ልክ ሊያስመስለው ይችላል። ለመለካትና ለማንበብ የሚያገለግሉትን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ገዢውን ለእያንዳንዱ ምርመራ ወደ አንድ ወኪል ደጅ እንዲመላለስ ማድረግ ነው፤ የወኪሉ ሒሳብ ደግሞ በፕሮፎርማው ላይ አይታይም።

በእርግጥ መርማሪው ራሱም ይመረመራል። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ሲከፈል ሥነ ልክን የሚመራ ራሱን የቻለ ተቋም የተቋቋመው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

ስለዚህ ጨረታ የሚያዘጋጀውም የሚወዳደረውም ፕሮፎርማው ላይ ሁለት መስመር ይጨምር፤ የትዕዛዝ መጽሐፉ ከዕቃው ጋር ይረከባል፣ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ለገዢው ይሰጣል። በርክክቡ ዕለት ኬብሉ ይሰካና መሣሪያው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።