ሽቦ የገባበት ክራር

ነቀምቴ ውስጥ ባንድ የኪነት ውድድር መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ሁለት ሣጥኖች ነበሩ፤ «ባህላዊ» እና «ዘመናዊ»። ያዘጋጀሁት የዜማ ድራማ ከሁለቱም አይገባም ተብሎ ተመለሰ። ባህላዊ እንዳይባል ክራሩ ሽቦ አለው፤ ዘመናዊ እንዳይባል ክራር ነው። መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም። «አንዱን ምረጥና ተመለስ» ብቻ ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ ምርጫው ራሱ ሐሰት ነው እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካንድ አሮጌ ስልክ እጀታ የመስሚያውን ክፍል አውጥቼ ክራሬ ቆዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ድምፅ የሚያወጣው ዕቃ ድምፅ መቀበልም ይችላልና። ድምፁን በጊታር ማጉያ አሳልፌ የገደል ማሚቶ ሰጠሁት። ከጊምቢ ገበያ የቀዳሁትን ጫጫታ ጨመርኩበት። በዚህ ላይ ስድስት ወጣቶች ቡና ለቀማ ሄዶ ስለቀረ ልጅና ስለምትጠብቀው እናቱ በኦሮምኛ ያዜማሉ። ሁሉም ይዘፈናል እንጂ የሚነገር ቃል የለበትም። ኦፔራ ማለት ሌላ ምን ኖሯል?

«ኤሌክትሪክ የገባበት ነገር ባህል አይደለም» የሚሉኝን እስቲ ልጠይቅ። ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ሠርግ ላይ አንድ ሰው ባንድ ኦርጋን ከበሮውንም፣ ማሲንቆውንም፣ ዋሽንቱንም በጣቱ ያስነሳል። ያን ጊዜ «ይህ ባህል ነው ወይ?» ብሎ የተነሣ ሽማግሌ አላየሁም። ማሲንቆ የሚመስል የፋብሪካ ድምፅ ባህል ከሆነ፣ ሽቦ የተቀጠለበት እውነተኛው ክራር ምን በደለ? የክራር ጅማትስ በናይለን ሲተካ ማን ለቅሶ ተቀመጠ?

ሁለቱን ሣጥኖች የማያውቅ ሰው ይህችን አገር ረግጦ ነበር። ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓትን ድምፅ በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ፣ ያንኑ ድምፅ እየለዋወጠ አዲስ ሙዚቃ ሠራ። በ1959 ደግሞ ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና ፕሪንስተን ስቱዲዮ «ለይላና ገጣሚው» የተባለ የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ ድራማ ደረሰ። ይኸው ሰው አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ በ1963 ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውንና ዋሽንቱን ባንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከጀመሩት አንዱ የሆነው ሰው ክራርን ከማንም አስበልጦ አከበረ። በእኛ ቅጽ ቢሆን የትኛው ሣጥን ይደርሰው ነበር?

የቅርቡን ልጨምር። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2008 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ስለ ቅዱስ ያሬድ የጀመሩትን ኦፔራ ከፊሉን አሰምተዋል። በኤም.አይ.ቲ.ም ክራርን ዘመናዊ ለማድረግ ሠርተዋል። ደስ ይላል። ግን ክራር አሜሪካ ሲደርስ «ምርምር»፣ ወለጋ ላይ ሲሞከር «ብልግና» የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው?

«ኦፔራ የፈረንጅ ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። ጌራርሳ ምንድን ነው? አንድ ሰው ተነሥቶ ገድሉን በዜማ ይተርካል፤ አጃቢው ይቀበለዋል። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ከማሳተማቸው በፊት የመዝሙር መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ዛሬ በወለጋ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቱ በሶፕራኖና በባስ ተከፋፍሎ ሲዘምር «ይህ የባዕድ ነው» የሚል ቢነሣ የሚስቁበት የገዛ አክስቶቹ ናቸው። የመጣው ነገር የእኛ የሆነው ስለዘመርነው ነው።

አንድ ትችት ግን እቀበላለሁ። «መብራት በሚጠፋበት አገር ምን ያለ ኤሌክትሪክ ክራር?» ብለውኛል። እውነት ነው፤ ባንድ ከተማ አዳራሽ ስናቀርብ እናቲቱ ገና ልጇን ስትጣራ መብራት ሄደ። ማጉያው ሞተ። ልጅቱ ግን አላቋረጠችም፤ እኔም ክራሬን በባዶው መታሁ። ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ሳይጠሩ መቀበል ጀመሩ። መብራቱ ሲመለስ ማሚቶው ገባ፣ ሴቶቹም አልተዉም። ሁለተኛው ክፍል ደካማ ነበር፣ አልክድም፤ ጫጫታው ቃሉን ውጦታል። እሱን ንገሩኝ፤ አስተካክላለሁ። «አይደለም» ብቻ ከተባልኩ ግን ምኑን ላስተካክል?

የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ አላልኩም። ሁለቱም ካንድ ምድጃ ይጣዱ ነው ያልኩት። ስለዚህ ሦስተኛ ሣጥን ጨምሩልኝ አልልም፤ ነገ ደግሞ እሱም የማይበቃው ልጅ ይመጣል። ሣጥኖቹን አንሡና በቦታቸው አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ «ምን ታሰማናለህ?» ይበል። ከዚያ ስሙን፤ ካልጣፈጣችሁ አባርሩን። ሳትሰሙ አትመልሱን እንጂ።