ኮንቴይነርና መንገደኛ በአንድ ሐዲድ

ስለ አዲስ አበባ - ጅቡቲ ባቡር በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ ኮንቴይነር ነው። ይህን ያህል ማዳበሪያ ገባ፣ ያን ያህል ቡና ወጣ ይባላል። ወደብ ለሌላት አገር ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም። ሆኖም በዚያው ሐዲድ ላይ ሰውም ይሄዳል። ስለ መንገደኛው ግን ከምርቃቱ ሰሞን ወዲህ ብዙም ሲነገር አንሰማም። በቅርቡ ከለቡ ተሳፍሬ ድሬዳዋ ድረስ ስሄድ በዚህ ጉዳይ ላይ ለማሰብ በቂ ጊዜ አገኘሁ።

በቅድሚያ ምስጋናውን ለሚገባው እንስጥ። ጉዞው ያማረ ነው። ከአዳማ ወዲያ ያለውን የመኪና መንገድ የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ከጅቡቲ የሚመጡት ተሳቢዎች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ሹፌሩ ለመቅደም በወጣ ቁጥር መንገደኛው ያማትባል። ባቡር ውስጥ የሚያማትብ ሰው አላየሁም። የምሳ ዕቃ ይከፈታል፣ ሕፃናት በመተላለፊያው ይሯሯጣሉ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ገና ቢሾፍቱ ሳይደርሱ አገር ቤታቸውን ተጠያይቀው ዘመድ ይሆናሉ። የጤፉ ማሳ አልቆ የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ ይመጣል፣ ፈንታሌ ተራራ ይታያል፣ ከአዋሽ በኋላ ደግሞ ግራርና ግመል ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ ነውና ከፊት የሚመጣ ባቡር ካለ አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሌላውን ማሳለፉ የግድ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ነጋዴ ወደ ድሬዳዋ ስንቃረብ «ጋሼ፣ የሚቀበልዎት ሰው አለ ወይ?» አለችኝ። ጥያቄው በኋላም ከአእምሮዬ አልወጣም። በአውቶቡስ የመጣ ሰው እንዲህ አይጠየቅም። መናኸሪያው ከተማ ውስጥ ስለሆነ እንደወረደ ታክሲ ወይም ባጃጅ ያገኛል። የባቡሩ ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ለቡ የከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ነው። ከኮተቤ ወይም ከሽሮ ሜዳ ለሚነሳ ሰው ጠዋት ጣቢያው ላይ ለመድረስ የሚደረገው ጉዞ ራሱን የቻለ መንገድ ነው።

ጣቢያዎቹ ለምን ዳር ላይ ሆኑ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚህ ስፋት ሐዲድ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር ጠባብ ኩርባ አይወድም። ከተማ ውስጥ ለመግባት ብዙ ቤት ማፍረስና ብዙ ካሣ መክፈል ይጠይቃል። የጭነት ማራገፊያውም ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ሁሉም ትክክለኛ ምክንያቶች ናቸው፣ ለኮንቴይነሩ። ኮንቴይነር ሜዳ ላይ ቢወርድ ክሬን አንስቶ ተሳቢ ላይ ይጭነዋል። ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ዕቃና ልጅ ይዛ የወረደችውን እናት ግን የሚያነሳት ክሬን የለም።

የቀድሞው ባቡር ከዚህ በተቃራኒ የሄደ ነበር። የምኒልክ ፈቃድ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1895 ዓ.ም. ተራራው ግርጌ ቆመ፤ ድሬዳዋ የምትባል ከተማም በዚያ ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ለገሃርም የከተማዋ እምብርት ሆነ። ያን ባቡር ከሚገባው በላይ ላሞግሰው አልፈልግም። ቀርፋፋ ነበር፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታትማ መቼ እንደሚደርስ ፈጣሪ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ሆኖም በቆመበት ሁሉ ገበያ ይቆም ነበር። አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም የሚሉትን ስሞች አብዛኛው የመሐል አገር ሰው ያወቃቸው በባቡር መስኮት ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል ገዝቶ ነው። የዛሬዎቹ ጣቢያዎች ትልልቅና ንጹሕ ናቸው፤ አጥራቸውም ጠንካራ ነው። ሻጯ ከአጥሩ ውጭ ናት።

አጥር ካነሳን አይቀር፣ የሕግ ሰው ሆኜ ሳላነሳው የማላልፈው የግመሎቹ ጉዳይ አለ። በአፋርና በሶማሌ አካባቢ ባቡሩ ከብትና ግመል ሲገጭ እንደቆየ የታወቀ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የማሽን ወይም የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ንብረቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በቁጥር 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት፣ ሳያስበው አምልጦት የሄደ እንስሳ እንኳ ቢሆን፣ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። እንግዲህ ግመሉና ባቡሩ ሲጋጩ ማን ለማን ይክፈል? በፈተና ላይ ቢመጣ ተማሪን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይወጣዋል። ለአርብቶ አደሩ ግን የፈተና ጥያቄ አይደለም። ሐዲዱ ከብቶቹ ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ሲመላለሱበት የኖሩትን መንገድ አቋርጦ አልፏል፤ እሱ ደግሞ ባቡሩን የሚሳፈርበት ቅርብ ጣቢያ ላይኖረው ይችላል። ከባቡሩ ጋር ያለው ግንኙነት በግጭት ብቻ የሆነን ሰው ሐዲዱን እንደ ራሱ ንብረት ጠብቅልኝ ማለት ትንሽ ይከብዳል።

ነገሩ ከዕዳውም ጋር የተያያዘ ነው። መስመሩ የተሠራው በአብዛኛው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። የመክፈያው ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት መራዘሙን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነግረውናል። 30 ዓመት ማለት ዛሬ በባቡሩ መተላለፊያ የሚሯሯጡት ሕፃናትም ግብር ከፋይ ሆነው ይደርሱበታል ማለት ነው። ጭነቱ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፣ ብድሩም የሚከፈለው ከጭነት ገቢ ነው፣ ስለዚህ መንገደኛ ይቆየን የሚል ክርክር አለ። የሒሳብ ባለሙያ ይህን ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን በተሳቢዎቹ መንገድ ላይ የሚጠፋው ሕይወት፣ ለሕክምና የሚወጣው ገንዘብ፣ ለነዳጅ የሚሄደው ምንዛሪ በየትኛው መዝገብ ላይ ተጽፏል? ከመኪና ወርዶ ባቡር የተሳፈረ እያንዳንዱ መንገደኛ ከዚያ ሒሳብ ላይ የሚቀንሰው ነገር አለ።

አገልግሎቱ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ሲጀመር የመንገደኛው ባቡር በሁለት ቀን አንዴ እንዲነሳ ነበር የተደረገው። ይህ ለቡና ጆንያ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ቀጠሮ ላለው ታማሚ ወይም ለቅሶ ለሚደርስ ሰው ግን አይሆንም። ያን ጊዜ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሱት ቻይናውያን ስለነበሩ ጥያቄያችንን ለማን እናቅርብ የምንልበት ምክንያት ነበረን። በ2016 ዓ.ም. አመራሩን ኢትዮጵያና ጅቡቲ ተረክበዋል።

ጣቢያዎቹን ነቅሎ ከተማ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ እሱ አልፏል። የሚቻለው ሌላ ነው። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አስተዳደሮች በባቡሩ መነሻና መድረሻ ሰዓት ጣቢያው በር ላይ የሚቆሙ አውቶቡሶችን መመደብ ይችላሉ። የባቡሩ ትኬት ለአውቶቡሱም ቢያገለግል ደግሞ የተሻለ ይሆናል። ለየጣቢያው ሻጮች ከአጥሩ ውስጥ የተወሰነ ቦታ መስጠትም ይቻላል። ለዚህ ከከተማ አስተዳደሮቹና ከባቡሩ ድርጅት የተወከሉ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሰዓት መነጋገር አለባቸው። የውጭ ብድር አያስፈልገውም።