አንቀጽ 44 ሁለት ንዑስ አንቀጽ አለው

ዛፍ ጠላት የለንም። ይሄን አስቀድመን ተናግረን እንገላገል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ችግኝ ሲተክሉ አንቃወምም፤ እኛም በክረምት አካፋ ይዘን ወጥተናል። የምንቃወመው ችግኝ የጥያቄ ሁሉ መልስ ሲሆን ነው። ስለ ወንዝ ስንጠይቅ ችግኝ፣ ስለ ፈረሰ ቤት ስንጠይቅ ችግኝ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ስንጠይቅ… እሱን ለእናንተ ትተነዋል።

እስቲ መዝገቡን እንግለጠው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ነገረን። ዓለም ጉድ አለ። በአራት ዓመት 20 ቢሊዮን ሊተከል ታቅዶ 25 ቢሊዮን ደረሰ ተባለ። በላዩ ሌላ 25 ቢሊዮን ተጨመረ። ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ከ700 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተባልን። ቁጥሩ በየዓመቱ ያድጋል፤ ጥያቄያችን ግን ያው ነው። ስንቱ ጸደቀ? «የጽድቀት መጠን» የሚሉትን መቶኛ የሚነግረን ራሱ ተካዩ ነው። ተፈታኙ ራሱ አራሚ በሆነበት ፈተና ማን ወድቆ ያውቃል?

አድልዎ እንዳይባልብን በጎውንም እንቁጠር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ብዙ ሀብታም አገር ያልደፈረው ነገር ነው። የ2001ን አፋኝ የበጎ አድራጎትና ማኅበራት ሕግ የሻረው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የወጣውም በእርሳቸው ዘመን ነው። አጨበጨብን። በ2017 ዓ.ም. ግን የመብት ድርጅቶች ሲታገዱ አየን። ከውጭ ሆኖ የሚቆጥር ሰው ሲታገድ፣ የችግኙንም የቤቱንም ቁጥር የሚያውቀው ቤተ መንግሥት ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ስለ አካባቢ ነው፤ ሁለት ንዑስ አንቀጽም አለው። አንደኛው ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ አማራጭ የማግኘት መብት አለው ይላል። ልብ በሉ፤ ሕግ አውጪዎቹ ወንዙንና ጎጆውን አንድ አንቀጽ ውስጥ ያስቀመጡት ቦታ ጠቧቸው አይደለም። አካባቢ ማለት ሰው ያለበት ነው ማለታቸው ነው። የዐቢይ መንግሥት ከመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ «አረንጓዴ» የሚመስለውን ግማሽ አንብቦ መጽሐፉን ከደነ።

ያልተነበበው ግማሽ የት እንዳለ ለማየት ከአዲስ አበባ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በጅማ መንገድ ሰበታን አልፋችሁ ተፍኪ ድረሱ። በቾ ሜዳ ነው፤ ጥቁር አፈር፣ የጤፍ አገር። ክረምት ላይ አዋሽ ይሞላል፤ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። እዚህ የአየር ንብረት ለውጥ የስብሰባ ርዕስ ሳይሆን አዋሽ ከልኩ አልፎ ቤት ሲገባ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት እንዳደረገው። በሆለታ፣ በሰበታና በተፍኪ ዙሪያ የአበባ እርሻው አለ፤ ሰበታ ላይ ደግሞ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ። የዚህ ሁሉ ውኃ ማረፊያው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ፣ አፋር ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። የጣልንበት ሁሉ እዚሁ አገር ውስጥ ይቀራል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ የደረሰው በሌላ ላይ ቢሆን እንኳ፣ በካይን መክሰስ ይችላል ይላል። ሕጉ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለችግኝ የተሰጠው የቴሌቪዥን ሰዓት አንድ አሥረኛው ለዚህ አዋጅ ቢሰጥ ኖሮ!

ጎጆውስ? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ የሚባል አንድ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለሉ። በዚያው ዓመት «ሕገወጥ» እየተባለ ቤት ፈረሰ፣ መስጊድም ፈረሰ። ግንቦት ላይ አንዋር መስጊድ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር አፈራረሱን ተችቷል። ቀጥሎ በ2016 የኮሪደር ልማት መጣ፤ ፒያሳ ፈረሰ፣ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። መሐል ከተማው ሣርና መብራት ሲለብስ፣ ነባሩ ነዋሪ ወደ ዳር ተገፋ። ዳሩ ላይ ያለው ደግሞ የት ይገፋ?

«ሸገር ከተማን ያቋቋመው ክልሉ ነው» ይሉናል። ልክ ነው፣ ክልሉ ነው። ክልሉን የሚያስተዳድረው ፓርቲ ፕሬዚዳንትስ ማነው? ለምስጋናው ፕሬዚዳንት፣ ለወቀሳው ክልል… ይሄ አያስኬድም።

ሰውየውን ተራማጅ የሚሏቸው አሉ። እኛ ወግ አጥባቂ እንላቸዋለን፤ ለስድብ አይደለም። ወግ አጥባቂነታቸው ድሃን የሚያዩበት ዓይን ላይ ነው። በእርሳቸው ፖለቲካ ድሃ መብት የለውም፤ ደግ ጎረቤት ነው ያለው። ግንቦት 2011 ላይ ለሸገር ማስዋቢያ በአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራት ተበላ። በበዓል ማዕድ ማጋራት አለ። በክረምት የአንዲት እናት ቤት በካሜራ ፊት ይታደሳል። እናቲቱ ቤት በማግኘታቸው ደስ ብሎናል። ግን የእርሳቸው ቤት የታደሰው በሕግ ሳይሆን በደግነት ስለሆነ፣ ነገ የጎረቤታቸው ቤት ሲፈርስ የሚጠየቅ የለም። ስጦታ ይመሰገናል እንጂ አይከሰስም። ለገዢ የሚመቸውም ለዚህ ነው።

የቀን ነገር ሆኖ፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ የተለቀቀውም ሐምሌ 22 ነው፤ በ2016 ዓ.ም.፣ ከዚያ የችግኝ ቀን ልክ በአምስተኛ ዓመቱ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከመሐል ከተማ ወደ ዳር የተገፋው ሰው አሁን ለታክሲውም ለዘይቱም በዚያ ብር ይከፍላል። ማዕድ ማጋራት ይሄን አይሸፍንም፤ ማንም ይሄን ያህል ሰፊ ማዕድ የለውም።

«ድሃ አገር ሳያፈርስ አይለማም» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። አታፍርሱ አላልንም። አንቀጽ 44 ራሱ ማፈናቀል አይኖርም አይልም፤ ዋጋውን ክፈሉ ነው የሚለው። ልማቱ ካሣውን መክፈል ካልቻለ፣ ወጪውን የሸፈነው ቤቱ የፈረሰበት ሰው ነው ማለት ነው።

በ2020 ዓ.ም. 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባዔ አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ነው። መለስ ዜናዊም በ2002 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ላይ በአፍሪካ ስም ተደራድረው ነበር፤ አዋሽ ግን አልጠራም። አሁን ዓለም እዚሁ ሊመጣ ነው። እንግዳ እስኪመጣ ሦስት ነገር ይታተምልን። አንድ፣ በገለልተኛ አካል የተቆጠረ የጸደቀ ችግኝ ብዛት። ሁለት፣ ወደ አዋሽና ገባሮቹ ፍሳሽ የሚለቅ እያንዳንዱ ፋብሪካና እርሻ፣ ከነምርመራ ውጤቱ። ሦስት፣ በሸገር ከተማና በኮሪደር ልማት የፈረሰው ቤት ብዛት፣ ካሣ ያገኘውና ያላገኘው ተለይቶ።

350 ሚሊዮን ችግኝ በ12 ሰዓት የቆጠረ መንግሥት ይሄን መቁጠር አያቅተውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ሥሩ አንቀጽ 44 ነው። ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡልን።