ዱላው ማንን አስተማረ?

“ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል” ይባላል። አባባሉ እውነት አለው። በጊዜው ሥርዓት ያልተማረ ልጅ ኋላ ላይ ቀላል ተግሣጽ እንኳ ይከብደዋል። ስህተቱ የሚመጣው “መቅጣት” የሚለውን ቃል “መምታት” ብለን የተረጎምነው ጊዜ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳውም ይህንኑ ነው። በመማሪያ ክፍል ውስጥ የልጆችን ባህሪ የምናርምበት መንገድ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይም ነውና።

ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪዎች የተቀመጡበትን ክፍል እናስብ። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ባዞሩ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሹክሹክታ፣ ሳቅና መገፋፋት ይነሳል። መምህሩ ዘወር ብለው አንዱን ልጅ እጁን በማስመሪያ ይመቱታል። ክፍሉ ወዲያው ጸጥ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ሁካታው ይመለሳል፤ ማስመሪያውም ይመለሳል። በዚህ ክፍል በእርግጥ አንድ ሰው ትምህርት አግኝቷል። ያ ሰው ግን ልጁ ሳይሆን መምህሩ ናቸው።

እንዴት ቢሉ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ፣ ከእርሱም በኋላ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ያስረዱት ቀላል መርህ አለ። አንድ ድርጊት የሚደገመው ወይም የሚቀረው ተከትሎት በሚመጣው ውጤት ነው። ድርጊቱን ተከትሎ ደስ የሚል ነገር ከመጣ፣ ለምሳሌ ምስጋና፣ ድርጊቱ ይጠናከራል። ድርጊቱን ተከትሎ የሚያስጨንቅ ነገር ከቆመም እንዲሁ ይጠናከራል። ሁለቱም “ማጠናከሪያ” ይባላሉ። ቅጣት ደግሞ ተቃራኒው ነው። የማይወደድ ነገር በመጨመር ወይም የሚወደድን ነገር በመቀነስ ድርጊቱ እንዲቀንስ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ መምህሩ እንመለስ። ሁካታው ያስጨንቃቸዋል፤ ይመታሉ፤ ሁካታው ይቆማል፤ እፎይ ይላሉ። በመርሁ መሠረት የተጠናከረው የመምህሩ ምት ነው። ዱላ ከትውልድ ትውልድ የተሻገረበት አንዱ ምክንያት መምህራን ጨካኞች በመሆናቸው ሳይሆን፣ ለዚያች ቅጽበት የሚሠራ ስለሚመስል ነው። ልጁስ ምን ተማረ? እንዳይታይ መጠንቀቅን፣ መምህሩን መፍራትን፣ ከመምህሩም ጋር ትምህርቱን መጥላትን ተማረ። በሹክሹክታው ፋንታ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ማንም አላሳየውም። የዚህ መርህ አባት የሚባለው ስኪነር ራሱ የአካል ቅጣት ተቃዋሚ እንደነበር ልብ ይሏል።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 በታተመ አንድ ጥናት፣ የአንደኛ ክፍል መምህራን “ቁጭ በሉ!” የሚለውን ትእዛዝ ሲያበዙ ከወንበራቸው የሚነሱት ልጆች በዙ። ትእዛዙን ሰምተው ለጊዜው ይቀመጣሉ፤ ቆየት ብለው ግን ይነሳሉ። መምህራኑ በሥራቸው ላይ ያሉትን ልጆች ማመስገን ሲጀምሩ መነሳቱ ቀነሰ። ከስልሳ ልጅ መካከል ስሙ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ለሆነ ልጅ፣ ቁጣም የትኩረት ምንጭ ነው። ሒሳብ የሚከብደውን ልጅ በጥፋቱ ከክፍል ማስወጣትም ቅጣት መስሎን ሽልማት ልንሰጠው እንችላለን፤ የፈለገው ከሒሳብ ማምለጥ ነበርና።

ከጤና አንጻር ጉዳቱ ግልጽ ነው። በጥፊ የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ፣ በዱላ ዓይን ሊጎዳና ጣት ሊሰበር ይችላል። የማይታየው ጉዳት ደግሞ ይሰነብታል። ጠዋት ጠዋት ሆዴን ወይም ራሴን አመመኝ የሚል፣ ሌሊት የሚባንን፣ አልጋ ማርጠብ ትቶ የነበረና እንደገና የጀመረ ልጅ ትምህርት ቤቱን እየፈራ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤልዛቤት ጌርሾፍና አንድሪው ግሮጋን ኬይለር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ወላጆች ልጆቻቸውን መቀመጫቸው ላይ በእጅ ስለመምታት የተሠሩ 75 ጥናቶችን በአንድነት መርምረዋል። ጥናቶቹ ከ160 ሺህ በላይ ልጆችን የሚመለከቱ ነበሩ። የሚመቱ ልጆች ጠበኝነትና የአእምሮ ጤና ችግር በብዛት ይታይባቸዋል፤ ምቱ ከተሻለ ባህሪ ጋር ግን አልተያያዘም። ማስመሪያና አርጩሜ ከዚህ የከበዱ መሆናቸውን ማስታወስ ያሻል።

“ዱላ ከቀረማ ክፍሉ ገበያ ይሆናል” የሚሉ መምህራን አሉ። ሥጋታቸው የሚናቅ አይደለም። ብዙ ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል ማስተማር ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቆመበት ነው። መልሱ ግን ሥርዓትን መተው ሳይሆን የተሻለውን መንገድ መያዝ ነው።

አንደኛ፣ የክፍሉ ደንብ ከአምስት አይብለጥ፤ የማይደረገውን ሳይሆን የሚደረገውን ይናገር። “አትጩኹ” ከማለት “ለመናገር እጅ እናወጣለን” ማለት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ምስጋናው ፈጥኖ ይምጣ፤ ለምን እንደሆነም ይነገር። “ጎበዝ” ብቻ ከማለት “ጓደኛህ ሲናገር ስላዳመጥክ ጎበዝ” ማለት ለልጁ ምን መድገም እንዳለበት ይነግረዋል። ከፍ ያሉ ተማሪዎች በሰው ፊት መመስገን ሊያሳፍራቸው ስለሚችል ለብቻቸው ቢነገራቸው ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ለብዙ ተማሪ የቡድን ውድድር ይጠቅማል። ክፍሉን በረድፍ ከፍሎ ደንብ ያከበረውን ረድፍ ቀድሞ ለዕረፍት ማስወጣት ምንም ወጪ አይጠይቅም። ይህን የመሰለ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ተሞክሮ ውጤታማነቱ ታይቷል። አራተኛ፣ ትኩረት ፍለጋ የሚደረግን ጥቃቅን ረብሻ በዝምታ ማለፍ ይቻላል። ሌላውን ልጅ የሚጎዳ ድርጊት ግን በፍጹም አይታለፍም።

ቅጣት ካስፈለገም አጭር፣ ፈጣን፣ ለሁሉም እኩልና ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ይሁን። ያቆሸሸ ያጽዳ፤ የሰደበ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ጎረቤቱን የረበሸ ለጥቂት ጊዜ ለብቻው ይቀመጥ። ማንበርከክ፣ በጓደኞች ፊት ማዋረድ፣ አንድን ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ማስጻፍ ይቅር። ጽሑፍን ቅጣት ካደረግን በኋላ ልጁ መጻፍ እንዲወድ መጠበቅ አንችልም። ሽልማትም ቢሆን ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ ጥናት፣ ለሥዕላቸው ሽልማት እንደሚሰጣቸው ቀድሞ የተነገራቸው ሕፃናት ኋላ ላይ በራሳቸው የመሳል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ልጁ ወዶ ለሚሠራው ነገር ከረሜላ አያስፈልገውም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ይህ ልጅ ጤነኛ ነው? ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ከጎረቤቱ ደብተር ሲገለብጥ “ረባሽ” ይባላል። በቅጡ የማይሰማ ልጅ “እምቢተኛ” ይመስላል። ቁርስ ያልበላ ወይም እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ይነጫነጫል። ለሰከንዶች ፍዝዝ ብሎ ቀርቶ ስሙ ሲጠራ የማይመልስ ልጅ አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል። መቀመጥና ማተኮር እጅግ የሚያዳግተው ልጅም ሐኪም ሊያየው የሚገባ የትኩረት ማነስ ችግር ያለበት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ ዱላ አያድናቸውም። በድንገት ባህሪው የተለወጠ ልጅ ሲያጋጥም መምህርና ወላጅ ተነጋግረው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ወላጆችም ድርሻ አለን። ቀድሞ ልጅ ለየኔታ ሲሰጥ “ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ” ይባል እንደነበር ይነገራል። ዛሬም ለመምህር “በደንብ ግረፉልኝ” የሚል ወላጅ አይጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህን መብት መምህሩ ሊነፍጉት፣ ወላጅም ሊፈቅድላቸው አይችልም።

ልጅ ይቀጣ፤ ማለትም ይታረም፣ ይገሠጽ፣ ደንብ ይማር። ነገ ጠዋት ክፍል የሚገቡ መምህር ከመጀመሪያው ቁጣ በፊት በሥራቸው ላይ ያሉ አምስት ልጆችን በስም ጠርተው ያመስግኑ። ለአንድ ወር ያህል ይሞክሩትና ማስመሪያው መስመር ለማስመር ብቻ የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ራሳቸው ይፍረዱ።